ሰባት ቤት ሳይሞላ

የበጎ ፈቃደኞች ክበባችንን ወሬ የምጽፈው እኔ ነኝ። ወሬ ስል ትልቅ ነገር አይደለም። በዚህ ሳምንት አትክልት ለማን እንደደረሰ፣ የትኛው ሕንፃ ደረጃ ቀለም እንደተቀባ፣ እሑድ ለዓይን ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ኩፓት ሆሊም፣ የሚሄዱትን ሽማግሌዎች ማን በመኪና እንደሚወስድ፣ ማን ከሆስፒታል እንደወጣ። በመጀመሪያ በዕብራይስጥ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ማንበብ ለማይችሉት እናቶችና አባቶች በአማርኛ በድምፄ ቀድቼ በስልክ እልክላቸዋለሁ። ሰው ፊት ቆሜ ሁለት ቃል መናገር ያቅተኛል። የክፍሌን በር ዘግቼ ስቀዳ ግን ድምፄ አይንቀጠቀጥም።

ክበቡ ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል፣ ከመሬት በታች በተሠራ ሚክላት ውስጥ ነው። የመጠለያውን ግድግዳ ቢጫ ቀብተን ጠረጴዛ አስገብተንበታል። የአደጋ ጩኸት በተሰማ ጊዜ የሕንፃው ሰው ሁሉ ወርዶ የሽንኩርት ሳጥኖቻችን ላይ ይቀመጣል። ሲያበቃ ሰዉ ልብሱን አራግፎ ይወጣል፤ እኛም ወደ ሽንኩርታችን እንመለሳለን።

ወደዚያ የገባሁት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ኬሚስትሪ ተምሬ በአንድ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ጥራት እመረምራለሁ። ቀኑን ሙሉ የማነጋግረው ጠርሙስ ነው። እናቴ ሰው ሳላይ ላረጅ መሆኔን ደጋግማ ስትነግረኝ ከርማ አንድ ቀን እጄን ይዛ ሚክላቱ ደጃፍ አደረሰችኝና ተመለሰች። የክበቡ አስተባባሪ ድምፀ ጎርናና፣ አርባዎቹን ያለፈች ሴት ናት። አንድ ጊዜ አየችኝና ሐሙስ ሐሙስ አትክልት ከሚያደርሰው ልጅ ጋር አጣመረችኝ። እሱ ለሁለት ይናገራል፣ አንቺ ደግሞ ለሁለት ታዳምጫለሽ አለችኝ።

እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ወላጆቹ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ በአውሮፕላን የመጡ የደምቢያ ሰዎች ናቸው። እሱ የተወለደው እዚሁ ነው። መኪናው ውስጥ ሁልጊዜ ሽቦና የተላጠ ብርቱካን ይሸታል። እኔ እንደ እኩዮቼ በዕብራይስጥ ስመልስለት እንዳልሰማ ሆኖ መንገዱን ያያል። በአማርኛ ስደግመው ብቻ ይዞራል። መጀመሪያ አናደደኝ። ቆይቼ ግን ረቡዕ ማታ ተኝቼ ነገ የምነግረውን ነገር በአማርኛ ሳዘጋጅ ራሴን አገኘሁት። በየሳምንቱ የማዘጋጀው ይበዛል፤ የምናገረው ያው ትንሽ ነው።

የእኛ ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም። ሳጥኑን እሱ ይሸከማል፣ እኔ ቀድሜ ወጥቼ አንኳኳለሁ። ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች የሴት ድምፅ ካልሰሙ በር አይከፍቱም። የእኔን ድምፅ ደግሞ በር ቀርቶ አጠገቤ ያለ ሰውም አይሰማውም። ስለዚህ እማማ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ እያልኩ ቆሜ እሱ ሳጥኑን ይዞ ይደርስብኛል። ከኋላዬ ሆኖ ንግግሬን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል፣ ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ። እማማዎቹ ከውስጥ እየሳቁ ይከፍታሉ።

ከሁሉ የምንወደው ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩትን አባባን ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያመጣንላቸውን ሳጥን ገና እኛ ሳንወጣ ለሁለት ይከፍሉትና እኩሌታውን ፊት ለፊታቸው ላለችው ሩሲያዊት ጎረቤታቸው እንድናደርስ ያዙናል። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። እሷ ዱባውን ተቀብላ በማግስቱ ሾርባ አድርጋ ትልክላቸዋለች። እኔን ሲያዩኝ ሁልጊዜ እሱን ነው የሚጠይቁት።

«ዛሬም ድምጿን ቤት ትታ መጣች?»

«ዛሬስ ይዛው መጥታለች፣ አባባ። መኪና ውስጥ ረስታው ነው» ይላቸዋል።

እኒህ አባባ አገር ቤት ሳሉ ቤት ቆጣሪ ነበሩ። ይህን ነገር ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በእኛ ዘንድ ወንድና ሴት ከመተጫጨታቸው በፊት የሁለቱም ወገን ወደ ኋላ ይቆጠራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ እያለ እስከ ሰባት ቤት ይወጣል። ሰባት ቤት ሳይሞላ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ልጆቹ እኅትና ወንድም ናቸው፤ ጋብቻ የለም። ሁሉም ሰው ግን እስከዚያ ድረስ ስም አያውቅም። ለዚህ ነው እንደ አባባ ያሉ ሰዎች የሚፈለጉት። ዛሬም ለጋብቻ የሚፈላለጉ ወላጆች ከአሽዶድም ከሐይፋም ይደውሉላቸዋል።

በዚህ የተነሣ ከእኛ መካከል አንድ ልጅ አንዲትን ልጅ የአያቷን ስም ከጠየቃት ነገሩ የአያት ነገር አይደለም። ሁለቱም ያውቁታል።

እሱ የጠየቀኝ አንድ ሐሙስ፣ የመጨረሻውን ሳጥን አድርሰን ቤታችን ደጃፍ መኪናውን ካቆመ በኋላ ነው። እጁ መሪው ላይ ነበር።

«የእናትሽ አባት ማን ይባላሉ?»

ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀሁት አማርኛ አልነበረኝም። ስሙን ነገርኩት። የእሳቸውስ አባት አለ። እሱንም ነገርኩት። ከዚያስ ሲለኝ ከዚያ ወዲያ እናቴ እንደማታውቅ ነገርኩት። የአባቴ ወገን ከትግራይ ነው፤ እስከ ላይ የተቆጠረ፣ ከደምቢያ ጋር የማይነካካ ነው አልኩት። በሕይወቴ ለማንም ያን ያህል በአንድ ትንፋሽ አውርቼ አላውቅም። እሱ ሳቀና ወደ ፊት እያየ፣ እንግዲያው የእናትሽን እንፈልጋለን አለኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም።

እናቴ ወደዚህ አገር የመጣችው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል፣ ልጅ ሳለች ነው። ወላጆቿ እዚያው ሱዳን፣ በስደተኞች ሰፈር ውስጥ አንዱ ካንዱ ተከታትለው ሞቱ። እጇን ይዛ ያመጣቻት የሩቅ ሰፈር ሴት ነበረች፤ ዘመዷ አይደለችም። እሷም ካረፈች ቆይታለች። እናቴ ከቤቷ ይዛ የመጣችው የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ አያቷ ማረሻ ይሠሩ የነበሩ ቀጥቃጭ መሆናቸውንና አባቷ ያጫወታትን አንዳንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላው መንገድ ላይ ቀረ ትላለች።

እናቴ በሆስፒታል ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ባልደረቦቿ ይወዷታል። ሰው አላጣችም። ያጣችው ወገን ነው። ሰርግ ስንጠራ አዳራሹ በር ላይ ሁልጊዜ ትቆማለች። የወንዱ ወገን በዚህ፣ የሴቷ ወገን በዚያ ሲባል እሷ የማንም አይደለችም። ከዚያ የአባቴን እኅቶች ተከትላ ትቀመጣለች። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ደግሞ ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ ማጠብ ትጀምራለች። ዕቃ የሚያጥብ ሰው የማን ወገን ነህ ተብሎ አይጠየቅም። ሽማግሌዎች ስም ሲጠሩ በሰማች ጊዜ ግን ውኃውን ዘግታ ታዳምጣለች። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ።

እሱ ጥያቄውን ከጠየቀኝ ብዙም ሳይቆይ ለአስተባባሪዋ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ወጣቶቹ አያቶቻቸውን አያውቁም፣ አባባን ወደ ክበቡ እናምጣና አንድ ምሽት ቤት ይቁጠሩልን አላት። አስተባባሪዋ በሐሳቡ ተደሰተች። በዕብራይስጥ ጥሩ ርእስ እንድሰጠው ነግራኝ ወሬውን እንድጽፈው አዘዘችኝ። እኔም ጻፍኩት፤ በአማርኛም ቀዳሁት። ሰው ሁሉ እናቱንና አባቱን ይዞ ይምጣ ብዬ። ማን ለምን እንዳሰበው የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

እናቴ የቀዳሁትን ሰምታ ከወጥ ቤት ወጣች። ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩላት። በዚያ ሳምንት በየማታው አባቷ ያጫወታትን እየፈለገች ታወራልኝ ጀመር፣ ፈተና እንዳለበት ተማሪ። እኔም አብሬያት አጠናሁ። ለእሷ ወገን እንዲገኝላት ተመኘሁ። ለራሴ ደግሞ ያ ወገን ከእሱ እንዲርቅ ተመኘሁ። ሁለቱ ምኞቶች እርስ በርስ ሊጣሉ እንደሚችሉ አልታየኝም፤ በዚያ ሳምንት ሁለቱም አንድ ደስታ ነበሩ።

በዚያ ምሽት ሚክላቱ ሞላ። አባባን እሱ በክንዳቸው ደግፎ አወረዳቸው። ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና፣ ከመሬት በታች ስላስቀመጣችሁኝ ከሙታኑ ጋር ለመነጋገር ይቀርበኛል አሉ። ሰው ሳቀ። አንድ ሁለት ቤተሰብ ተቆጠረ። አንዱ ልጅ የጎረቤቱ ዘመድ ሆኖ ተገኝቶ ያዋሰውን ብስክሌት አሁን እንዳይጠይቅ ተቀለደበት። እሱ ግድግዳው ጋ ቆሞ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ስልኩን ወደ እኔ ሲያዞር ወደ ጫማዬ አያለሁ።

እናቴ ተራዋ ሲደርስ ቆመች። ተቀመጪ አሏት፣ አልተቀመጠችም። የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ በመንደራቸው የሚያልፈውን ወንዝ ስም ተናገረች። አያቷ ቀጥቃጭ እንደነበሩ ስትጨምር አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሳይከፍቱ ጠየቋት።

«ጣቱን ነግረውሻል?»

እናቴ ሁለት ጣቶቿን አጣብቃ አነሣች። አባባ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነበርና አላዩዋትም።

«እሳት አጣብቆበታል ይለኝ ነበር አባቴ» አለች። «ሁለት ጣቱን።»

«የትኛው እጁ?»

«ግራው።»

አባባ ዓይናቸውን ከፈቱ። እኔ ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ አሏት፤ ማረሻውን በዚያ እጁ ይዞ ሲያዞረው ልጆች ቆመን እናይ ነበር። ከዚያ መቁጠር ጀመሩ። የቀጥቃጩን አባት ጠሩ፣ የእሱን አባት ጠሩ። እዚያ ላይ ቆሙና፣ ይህ ሰው ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፣ አንዱ ወንዙን ተሻግሮ ቤት ሠራ አሉ። ከዚያ በሁለተኛው ልጅ በኩል ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። ስም ጠሩ። ሌላ ስም ጠሩ። ሦስተኛውን ሲጠሩ የሚቀርጸው ልጅ አባት ከኋላ ወንበር ብድግ አለ። የተጠሩት የገዛ አባቱ ነበሩ።

ግድግዳው ጋ የነበረው ስልክ ቀስ ብሎ ወረደ።

አባባ ለእናቴ፣ ይህ ሰው ወንድምሽ ነው፣ ይህም ልጁ ልጅሽ ነው አሏት። ልጆቻችሁ የሚገናኙት አምስተኛ ቤት ላይ ነው አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። የሚክላት ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ እልልታው የሚወጣበት አጥቶ እላያችን ላይ ተመለሰ። እናቴ የእሱን አባት አንገት አቅፋ ትከሻ ለትከሻ እየሳመች፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እሱ ሄደች። ቁመቷ ስለማይደርስ ጎንበስ አለላት። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ገና እንደተወለደ ሕፃን አየችው።

አባባ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ እኔን ፈለጉኝ።

«በይ፣ አንቺ ድምፅ የለሽ» አሉኝ። «የሚናገርልሽ ወንድም አገኘሁልሽ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አስተባባሪዋ መጥታ አቀፈችኝና፣ ለሳምንቱ ወሬ ምን የመሰለ ነገር አገኘሽ አለችኝ።

ወንበሮቹን ሰብስበን ስንጨርስ እሱና እኔ ደረጃው ላይ ተገናኘን። እናቴና አባቱ ከላይ፣ መንገድ ዳር ቆመው ስለ ወንዙ ያወሩ ነበር፣ የእናቴ ድምፅ ከፍ ብሎ። እሱ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ያገላብጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዕብራይስጥ አናገረኝ። ይቅርታ አለኝ። እኔ በአማርኛ መለስኩለት።

«እናቴን ስማት» አልኩት።

ሰማት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና ወደ ላይ ወጣ።

ላቦራቶሪ ውስጥ አጠገቤ ለምትሠራው ልጅ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነገርኳት። ከሞሮኮ የመጡ ሰዎች ልጅ ናት፤ ወላጆቿ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። አምስት ትውልድ ምንድን ነው ብላ ሳቀችብኝ። ሕጉ አይከለክላችሁም፣ የረቢዎቹ መሥሪያ ቤት ራባኑትም አይከለክላችሁም አለች። እውነቷን ነው። ከእኛም ልጆች ቤት ሳያስቆጥሩ የተጋቡ አሉ። እኔም ሌሊት ሌሊት ይህን አስቤዋለሁ፤ አላሰብኩም ብል ዋሸሁ። አንድ ሐሙስ እሱም እንዳሰበው አወቅሁ። ሳጥኑን ይዞ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመና፣ አባባ ያን ዕለት ታመው ቢቀሩ ኖሮ አለ። ሳይጨርሰው ቀረ። እኔም አላስጨረስኩትም።

ነገሩ የተቆረጠው የአባቱ እኅት በሞቱ ጊዜ ነው። እናቴ ካወቀቻቸው ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ለቅሶ ቤቱ ስንደርስ እናቴ እንደ ልማዷ ወደ ወጥ ቤቱ አመራች። የእሱ አባት ከተቀመጠበት ጠራት። ምን ትሠሪያለሽ እዚያ፣ ነይ አጠገቤ አላት። እናቴ እጇን በነጠላዋ ጠረገች፤ እጇ ገና አልረጠበም ነበር። ሄዳ ከዘመዶቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። የሚገባው ሰው ሁሉ በተራ ጎንበስ እያለ አጽናናት። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ በእሷ ፈንታ ብርጭቆ አጠብኩ። በበሩ በኩል አያት ነበር። እሱም ማዶ ቆሞ እሷኑ ያያል። ዓይናችን ሲገናኝ ሁለታችንም ያየነው አንድ ነገር መሆኑን አወቅን።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ሰምተሻል?» አለችኝ። «ለእኔም ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› አሉኝ። እናትና አባቴ ሲሞቱ እንኳ የሚለኝ ሰው አልነበረም።»

እኔም ሰምቻለሁ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አስተባባሪዋ ሳትጠይቀን መንገዳችንን ለየነው። እሱ እሑድ ሽማግሌዎቹን ወደ ኩፓት ሆሊም ማመላለስ ያዘ፤ ሥራው ተቀይሮ ሐሙስ አይመቸኝም አለ። እኔ አሁን ሳጥኑን የምሸከመው ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ነው። በር ላይ የሚደግምልኝ ስለሌለ ጮክ ማለት ተምሬያለሁ። አባባ ለውጡን አይተዋል። ድምፅሽ መጣ፣ ወንድምሽ የት ሄደ ይሉኛል። ደኅና ነው እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ዱባውን ለሩሲያዊቷ ልወስድ ስል ክንዴን ያዙኝና ትንሽ አዩኝ። አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ዱባውን ራሳቸው ተቀብለውኝ፣ ዛሬ እኔ አደርሰዋለሁ አሉ።

እሱና ቤተሰቡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ይመጣሉ። እናቴ ዓርብ የጋገረችውን ዳቦ ትልቁን ቁራሽ ለእሱ ታስቀምጣለች። እሱ አክስቴ ይላታል። እኔን በስሜ ይጠራኛል፤ እኅቴ ብሎኝ አያውቅም። እኔም ወንድሜ አላልኩትም። ሌላ ሰው አያስተውለውም።

በዚህ ወር ከክበቡ ወሬዎች አንዱ የእሱ ነው። ከበጎ ፈቃደኞቻችን አንዱ ሊያገባ ነው ብዬ ጻፍኩ። ልጅቱ ከአፉላ ናት። አባባ ቤት ቆጥረውላቸው ሰባቱ ሞልቷል። በዕብራይስጥ መጻፉ አልከበደኝም። በአማርኛ ስቀዳ ግን በሩን ዘግቼም ድምፄ ተሰበረ። አጥፍቼ እንደገና ቀዳሁ። ሽማግሌዎቹ የሰሙት ደኅናውን ነው።

ትናንት እናቴ ለሰርጉ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ክፍሌ ገባች። ጥለቱ አረንጓዴ ነው። እጅጌውን እያስተካከለች መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለች። ከዚያ ድንገት ያስጨነቃትን ነገር ጠየቀችኝ። አዳራሹ በር ላይ ሲጠይቁን ምን እንላለን አለች። የትኛው ጋ ነው የምንቀመጠው።

ተነሥቼ ከኋላዋ ያልደረሰችበትን ዚፕ ዘጋሁላት።

«በወንዱ ወገን፣ እማዬ» አልኳት። «ከፊት።»